ጉድጓዱን ለጊዜው ተወውና ጥቁሩን ድንጋይ አሳየኝ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አያቴ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ አቅራቢያ ዳገት ላይ መሬት አላቸው። ሲታረስ ጥቁር፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ፈስሶ የደረቀ የሚመስል ድንጋይ ይወጣል። ከማሳው በላይ ደግሞ ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ። የሰፈሩ ሰው ‹የሐርላ ሰዎች ብረት ያወጡበት ነው፤ ግዙፎች ነበሩ› ይላል። እውነት በመካከለኛው ዘመን ብረት የወጣበት ቦታ ሊሆን ይችላል? በምን አውቃለሁ?»

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አቦ፣ ፎቶ እንኳን ሳትልክ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ? ግን ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። እኔም ድንጋይ እየለቀምኩ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ጉድጓዱን ነው። ጉድጓድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አታሎኛል። ጥቁሩ ድንጋይ ግን ማንበብ ለሚችል ብዙ ይናገራል። ለምን እንደሆነ እንድታይ ብረት ድሮ እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገርህ።

ብረት መሬት ውስጥ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም ማለት ይቻላል። ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ቀዩ ሄማታይት፣ ጥቁሩ ማግኔታይት፣ ዝገት የመሰለው ቡናማ ጎታይት፣ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። የድሮ ብረት ሠሪ ዋና ሥራው ያንን ኦክስጅን ማላቀቅ ነበር። ከጭቃ ምድጃ ያቆማል። ከሰልና የተከሰከሰ የብረት ድንጋይ እያፈራረቀ ይጨምራል። ከሥር በወናፍ ይነፋል። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ከድንጋዩ ይነጥቃል።

ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጭቃ ምድጃ በእጅ ወናፍ እዚያ አይደርስም። 1200 አካባቢ ከደረሰ ሥራው ተሳክቷል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ ይቀራል። የሚቀልጠው ሌላው ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ የሚሠራበት ነገር፣ የብረቱን ከፊል ይዞ ይፈሳል። ጓሉን አውጥተው እንደጋለ በመዶሻ ይቀጠቅጡታል። የፈሰሰው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥቁር፣ ከባድ ድንጋይ ይሆናል። ዝቃጭ የምለው እሱን ነው።

እስቲ አስበው። ብረቱን ማን ጥሎት ይሄዳል? ማረሻ ይሆናል፤ ማጭድ ይሆናል፤ ጦር ይሆናል። ሲያረጅ ተመልሶ አንጥረኛው ጋ ይሄዳል። የተረሳው ካለም ዝጎ አፈር ይሆናል። ዝቃጩን ግን የሚሸከመው የለም። አይበሰብስም። የወደቀበት ቦታ ይቆያል፤ ሺህ ዓመትም ቢሆን። ሱዳን ውስጥ ሜሮዌ ብትሄድ የዝቃጭ ክምሩ ትንሽ ኮረብታ አክሏል። ከመካከለኛው ዘመን በጣም የቀደመ ነው። አንዱ ቤተ መቅደስ የተሠራው ክምሩ አናት ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሲንደርፎርድ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «የዝቃጭ መሻገሪያ» እንደማለት ነው። የብረት ሠሪዎቹ ቆሻሻ ለከተማ ስም ሆነ።

የዚያን ጊዜ አሠራር ብረቱን አሟጦ አያወጣም ነበር። ዝቃጩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የብረት ኦክሳይድ ነው። ጣሊያን ውስጥ ፖፑሎኒያ በሚባል ቦታ የጥንት ሰዎች የጣሉትን ዝቃጭ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በማሽን ዝቀው ዳግመኛ አቀለጡት። ክምሩ ሲነሳ ከሥሩ ኤትሩስካኖች የሚባሉት የጥንት የጣሊያን ሰዎች መቃብር ወጣ። ያንተ ድንጋይ ከመጠኑ በላይ የሚከብደውም ምናልባት በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

«ምናልባት» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከድሬዳዋ በላይ ያለው ዳገት የተሠራው ከኖራ ድንጋይ፣ ከአሸዋ ድንጋይና ከባዛልት ነው። ባዛልት ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ጥቁር ነው፤ ይከብዳል፤ አረፋ የመሰለ ቀዳዳ አለው። አንዳንዱ መፍሰሱ ራሱ ያስታውቃል። «የቀለጠ ነገር አገኘሁ» ብለው ከሚያመጡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያመጡት ባዛልት ነው። እውነታቸውን ነው፤ ቀልጧል። ያቀለጠው ግን ሰው አይደለም።

እንግዲህ ለመለየት ወጪ የሌለው ነገር ላሳይህ። ማግኔት ፈልግ። ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ አውጣው። ድንጋዩን ከሳበው አትጨፍር። ባዛልትም ውስጡ ማግኔታይት ስላለው ትንሽ ይስባል። ማግኔት ብቻውን የሚያረጋግጥልህ ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ከማግኔቱ የሚሻለው ክብደት ነው። ሱቅ ወስደህ በሚዛን አስመዝነው። ከዚያ ጆግ እስከ አፉ ውሃ ሙላና ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጠው። ድንጋዩን ቀስ ብለህ ክተት። የፈሰሰውን ውሃ በሕፃን ጡጦ ለካ። ጡጦው ላይ ሚሊ ሊትሩ ተጽፏል። ግራሙን ለሚሊ ሊትሩ አካፍል። ለምሳሌ ድንጋዩ 700 ግራም ሆኖ 190 ሚሊ ሊትር ውሃ ካፈሰሰ 3.7 ገደማ ይመጣል። ባዛልት ከ2.8 እስከ 3 አካባቢ ነው። የኖራ ድንጋይ 2.7 ነው። ጥቅጥቅ ያለ የብረት ዝቃጭ ግን ከ3.5 ይበልጣል። ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ቁጥሩ ስለሚወርድ ጠንከር ያለውን መርጠህ ለካ።

ቀጥሎ ገጹን እየው። ከምድጃ የፈሰሰ ዝቃጭ ላዩና ታቹ አይመሳሰልም። ላዩ ለስላሳ ነው፤ ከሻማ ላይ ወርዶ እንደረጋ ሰም እጥፍ እጥፍ አለው። ታቹ ሸካራ ነው። የፈሰሰበትን አፈርና ጠጠር ይዞ ይቀራል። አንዳንዴ የከሰል ስብርባሪ ተጣብቆበት ታገኛለህ። ከሰሉ ወድቆ ከሆነ የእንጨቱ መስመር እንደ ማኅተም ታትሞ ይቀራል። ባዛልት የከሰል ማኅተም የለውም። ይህን ካየህ ቡና አፍላና ደውልልኝ።

ዝቃጩን ብቻ አትፈልግ። ከዝቃጩ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ተራ የሚመስል የሸክላ ስባሪ ነው። ወናፉ የሚነፋው በሸክላ ቱቦ በኩል ነው። የቱቦው ጫፍ ምድጃው ውስጥ ይገባና ይቃጠላል። አንድ ጫፉ ቀይ ሸክላ፣ ሌላው ጫፉ ጥቁር ወይም አረንጓዴ መስታወት የመሰለ የቱቦ ስባሪ ካገኘህ ነገሩ አበቃ። እዚያ ቦታ ሰው ወናፍ ነፍቷል። የምድጃው ግድግዳም እንደዚሁ ነው። ውጪው ቀይ፣ ውስጡ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ይሆናል። ገበሬ ይህን ሲያገኝ የእንስራ ስባሪ ነው ብሎ ይወረውረዋል። አያትህንም ጠይቃቸው፤ ሳይወረውሩ አልቀሩም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ማቅለጥና መቀጥቀጥ ሁለት ሥራ ነው። ከድንጋይ ብረት የሚያወጣው አንድ ነው፤ የወጣውን ብረት ማጭድ የሚያደርገው ሌላ ነው። አንዳንዴ አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራል፤ ቦታው ግን ብዙ ጊዜ ይለያያል። ማቅለጫው ከሰልና የብረት ድንጋይ ያለበት ጫካ ነው። መቀጥቀጫው ሰው ያለበት ሰፈር ነው። የመቀጥቀጫ ዝቃጭ ትንሽ ነው። ከምድጃው ሥር ተጠራቅሞ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ቂጣ ይሠራል። ይህን ብቻ ካገኘህ ማዕድን አላገኘህም፤ የአንጥረኛ ቤት አገኘህ። እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

የአንጥረኛ ቤት መሆኑን የምታረጋግጥበት ደስ የሚል ዘዴ አለ። ማግኔቱን ፌስታል ውስጥ ክተተውና በደረቀው አፈር ላይ አንሸራትተው። የጋለ ብረት በመስፍ ላይ ሲመታ ስስ ቅርፊት ይረግፋል። እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከእሱ ጋር የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ድብልብል ጠብታዎችም ይኖራሉ። ፌስታሉን ገልብጠህ ማግኔቱን ስታወጣው ሁሉም ይራገፋል። የባዛልት አገር አፈር ጥቁር አሸዋም ስለሚስብ በአጉሊ መነጽር እየው። ፍሬ ፍሬው አሸዋ ነው። ቅጠል ቅጠሉ የመዶሻ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዶችህ ልምጣ።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የብረት ድንጋይ አወጣጡ ብዙ ጊዜ ቀላል ነበር። ጠባብ ጉድጓድ ቀጥታ ወደታች ይቆፍራሉ። የብረት ድንጋዩ ያለበት ንጣፍ ሲደርሱ በዙሪያው ያስፉታል። ቅርጹ እንደ ደወል ይሆናል። ጣሪያው ሊናድ ሲል ይተውትና አጠገቡ ሌላ ይጀምራሉ። የአዲሱን አፈር የድሮው ውስጥ ይደፉታል። ዛሬ ላይ ስታየው መሬቱ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል። እያንዳንዱ ክብ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ የአፈር ክምር አለው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ዊልድ በሚባለው አገር እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ጫካ ሙሉ ነው። ዛሬ እነሱ በአውሮፕላን በሚጫን የሌዘር መለኪያ ከዛፍ ሥር ያለውን መሬት ያነባሉ። እኛ ጋ ዛፉ ስለሳሳ ዓይን ይበቃናል። ምን ዋጋ አለው፣ በዚህ መንገድ ባንቀድማቸው ይሻል ነበር።

ሐረርጌ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። እዚህ አገር ገበሬው ማሽላውን የሚያስቀምጠው መሬት ውስጥ ነው። የእህል ጉድጓዱን ታውቀዋለህ። አፉ ጠባብ ነው፤ ሆዱ ሰፊ ነው። ቅርጹ ቁርጥ የማዕድን ጉድጓዱን ነው! ተትቶ ሲናድ ደግሞ ያው ክብ ጎድጓዳ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ጎብኚ አስከትዬ እንዲህ ያለ ቦታ ወሰድኩ። ሰውየው በደስታ ሊበር ደረሰ። ስለ ማዕድን ዘመን ሲተነትን አንድ እናት መጥተው «የአማቴ የማሽላ ጉድጓድ ነው፤ ልጅ እንዳይገባበት ነው የደፈንነው» አሉን።

ልዩነቱ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። የእህል ጉድጓድ የሚቆፈረው ደረቅና ውሃ የማይገባበት ቦታ ተመርጦ፣ ከቤት ሳይርቅ ነው። የወጣውም አፈር ዙሪያውን ቀለበት ሆኖ አይቀርም። የማዕድን ጉድጓድ ግን ድንጋዩን ይከተላል። የብረት ድንጋዩ ንጣፍ በዳገቱ ላይ በመስመር ከሄደ ጉድጓዶቹም በመስመር ይሄዳሉ። ስለዚህ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ አትፈትሽ። ራቅ ብለህ ሁሉንም ባንዴ እይ። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ ሂድ፤ ጥላው ረጅም ስለሆነ ትንሹ ጎድጓዳ ሳይቀር ይታያል። ስልክህ ላይ ጉግል ኧርዝ ካለ የበጋ ወቅት ምስል ምረጥ።

ሌላም የሚያሳስት አለ። የኖራ ድንጋይ አገር ላይ ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ ከሥር ባዶ ያደርገዋል፤ ከላይ ያለው አፈር ሰርጎ ክብ ጉድጓድ ይሆናል። ማንም አልቆፈረውም። ደግሞ የ1969 ዓ.ም. የሶማሊያን ጦርነት አትርሳ። ድሬዳዋ ዙሪያ ጦርነት ተካሂዷል። ምሽግም ከጊዜ በኋላ ጉድጓድ ብቻ ይመስላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጉድጓዱ ውስጥ የዛገ፣ ድብልብል ወይም ክንፍ ያለው ብረት ካየህ እንዳትነካው። ተመለስና ለፖሊስ ንገር።

ጉድጓዱ የማዕድን ከሆነ ከጫፉ የተወሰደ ድንጋይ ራሱ ይናገራል። የቡና ሲኒ አምጣ። ገልብጠህ ሥሩን እየው፤ ዙሪያው ላይ የማያብረቀርቅ ሸካራ ቀለበት አለ። ድንጋዩን እሱ ላይ ጫን ብለህ ፈግፍገው። የደም ቀለም ያለው መስመር ከወጣ ሄማታይት ነው። ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ ከሆነ ጎታይት ነው። ጥቁር ከሆነና ማግኔቱም አጥብቆ ከያዘው ማግኔታይት ነው። ድንጋዩ ላዩ ጥቁር ሆኖ መስመሩ ቀይ ቢወጣ አይግረምህ፤ ሄማታይት እንደዚያ ነው። እናትህ ሲኒውን እንዳያዩ ግን ተጠንቀቅ።

የእኛ አካባቢ ሰው የብረት ድንጋይ የለቀመው ዛሬ አይደለም፤ በመካከለኛው ዘመንም አልጀመረም። ከድሬዳዋ ከተማ አፍንጫ ሥር ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ታውቀው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1929 ነው ለተመራማሪዎች የታወቀው። እዚያ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ቀይና ቢጫ የብረት ድንጋይ ለቅመው አስገብተዋል። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት 4213 ቁራጭ፣ ሲመዝኑት 40 ኪሎ ያህል ሆነ። ፈጭተው ለቀለም ይጠቀሙበት ነበር። ለብረት አይደለም። ያኔ ብረት ማቅለጥ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። እኔ ግን ይህን ሳስብ ይገርመኛል። ብረት ከመታወቁ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የዚህ ዳገት ሰው ከባዱን ቀይ ድንጋይ ከሌላው ለይቶ ያውቀው ነበር።

ወደ ሐርላ እንምጣ። የሰፈርህ ሰዎች የሚሉት ነገር መሠረት አለው። ከድሬዳዋ በደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐርላ የምትባለው ቦታ አለች። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ በመጡት ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት ተቆፍራለች። ከ6ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ኖሮባታል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ የቻይና ሸክላ፣ ከባሕር የመጣ ዛጎል ተገኝቶባታል። ለኔ ዋናው ግን ወርክሾፑ ነው። የብርና የነሐስ ጌጥ፣ የከበረ ድንጋይና የመስታወት ጨሌ ይሠሩ ነበር። እሳትና ወናፍ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ግዙፎች ነበሩ የሚለውን ግን እርሳው። ወሬው የመጣው ከሕንፃዎቹ ድንጋይ ትልቅነት ነው። መቃብሮቹ ሲታዩ ሰዎቹ እንደኔና እንዳንተ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ናቸው።

ስለዚህ ያንተ ማሳ የሐርላ ነው? ጥቁር ድንጋይ የሠሪውን ስም አይናገርም። ጌጥ የሚሠራ ሰውም ዝቃጭ ይጥላል። የነሐስ ዝቃጭ ግን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ዝገት ይታይበታል፤ ከአጠገቡም ትንሽ የሸክላ ማቅለጫ ጽዋ ስባሪ ይገኛል። የብረት ዝቃጭ ዝገቱ ቀይ ቡናማ ነው። ቀለሙን ጻፍልኝ።

በዚያ ዘመን ብረት ሩቅ ይጓዝ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ነጋዴዎች ወደ ወርቅ አገር ሲወርዱ በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው እንደሚሄዱ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ጽፏል። ደቡብ ኦሞ አካባቢ ዲሜዎች በጭቃ ምድጃ ብረት ማቅለጥን እስከ ቅርብ ጊዜ ያውቁ ነበር። ርካሽ የፋብሪካ ብረት ሲመጣ ግን ማንም ለአንድ ጓል ጫካ ሙሉ ከሰል አያቃጥልም። ዛሬ ሐረር ያለ አንጥረኛ ማጭድ የሚሠራው ከመኪና ባሌስትራና ከቶንዲኖ ቁራጭ ነው። መስፉ፣ ጉጠቱና ወናፉ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ዝቃጭ በዓይንህ አይተህ ማወቅ ከፈለግህ ከመጽሐፍ በፊት እዚያ ሂድ። ሻይ ጋብዝና ከምድጃው ሥር የወጣውን ቂጣ አሳየኝ በል። አንዴ በእጅህ ካነሳኸው ክብደቱን አትረሳውም።

ሐረር ከሄድክ አይቀር ስሞችንም ጠይቅ። ከጁገል ግንብ በሮች አንዱ በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል። ስሙን ከአንጥረኞች ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አሉ። በአገራችን ባለእጅን ቡዳ ማለት የቆየ በደል ነው። ለኛ ሥራ ግን ስም መረጃ ነው። በአያትህ ሰፈርም «ቱምቱ» የሚል ቃል ያለበት ቦታ ካለ መዝግበው፤ በኦሮምኛ አንጥረኛ ማለት ነው። ስትጠይቅ ግን በለሰለሰ አፍ ጠይቅ። የእነ እገሌ ቤተሰብ አንጥረኛ ነበር ወይ ብለህ በሰው መሀል ብትጠይቅ የምታስቀይመው ሰው አለ። አያትህን ለብቻቸው፣ ከቡና በኋላ ጠይቃቸው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚያምር ዝቃጭ አገኘሁ። ከባድ ነው፤ ፈስሷል፤ የከሰል ማኅተም አለው። ሳምንት ሙሉ አላስተኛኝም። ለተማሪዎቼ «የመካከለኛው ዘመን ብረት» እያልኩ አሳየሁ። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዬ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀልኝ። መሀሉ ላይ ብሎን አለ። ጥርሱ ያልተበላ፣ በማሽን የተቆረጠ ብሎን! ከከተማው ካሉት ወርክሾፖች ከአንዱ የተጣለ ነበር። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «ብሎኑ ደህና ነው?» ይለኛል።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ መሆኗን ረስቼ ነው የተሳሳትኩት። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ብረት ስትቀጠቅጥና ስታቀልጥ ነው የኖረችው። በሐዲዱ ዳር የእንፋሎት ባቡር ምድጃ አመድ ረግቶ ድንጋይ ሆኖ ታገኛለህ። እሱ ቀላል ነው፤ አረፋው ብዙ ነው፤ በክብደት ይለያል። የወርክሾፕ ዝቃጭ ግን እኔን የሸወደኝ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ከወንዝ ማንሳቴ ነው። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ምን እንዳደረገ እናስታውሳለን። ያን ያህል ሕይወትና ቤት የወሰደ ጎርፍ ድንጋይ አይመርጥም። ወንዝ ውስጥ ያለ ዝቃጭ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ጠርዙ ከተድቦለቦለ ተጉዟል። የአያትህ ማሳ ላይ ያለው ጠርዙ ስል ከሆነ ግን እዚያው ተጥሏል፤ ወይም ከቅርብ ተንከባሏል። ዳገቱን ሽቅብ ተከተለው። ድንጋዩ ሲጠፋብህ ትንሽ ተመለስ። አፈሩ የጠቆረበትን፣ ሣሩ የሳሳበትን ቦታ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ክምሩ እዚያ ነው። ከአጠገቡ ዳገቱ ተቆርጦ የተደለደለ ክብ መድረክ ካለ ከሰል የከሰለበት ሊሆን ይችላል። ከሰል ዛሬም ስለሚከሰል ግን ላዩ ላይ ያለውን አትመን። አሮጌው ከአፈር በታች፣ አንዳንዴም ከእርከኑ ግንብ ሥር ነው።

ዘመኑስ? ቅርጹን አይቶ ዘመን የሚናገርልህ ሰው ካለ ሽሸው። የጭቃ ምድጃ ዝቃጭ የ10ኛውም የ18ኛውም ክፍለ ዘመን ቢሆን ይመሳሰላል። ዘመኑን የሚናገረው ዝቃጩ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረው ከሰል ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በካርቦን 14 ይለካል። ከሰሉ የሚነግርህ ዛፉ የኖረበትን ዘመን ነው፤ እንጨቱ ያረጀ ግንድ ከነበረ ቀኑ ከምድጃው ይቀድማል። ስለዚህ ከቀጭን ቅርንጫፍ የመጣ ከሰል ይመረጣል። ስዊድን ውስጥ ላፕሂታን የተባለው የብረት ማቅለጫ መካከለኛው ዘመን ውስጥ የገባው እንዲህ ባለ ልኬት ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓ እንደዚያ ያለ ትልቅ ምድጃ በጣም ዘግይቶ የመጣ ይመስላቸው ነበር።

ለዚህ ነው አትቆፍር የምልህ። ዝቃጩን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተህ ብታመጣልኝ የሚነግረኝ ነገር ትንሽ ነው። ከየት እንደተነሳ፣ ከሥሩ ምን እንደነበር፣ ከቱቦው ስባሪ ምን ያህል እንደራቀ ጠፋ ማለት ነው። ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ማረስ ግን አትከልክላቸው፤ አያትህ የሚበሉት ከዚያ ነው። ማረሻ የሚያወጣውን ብቻ ከማሳው ዳር፣ ከወጣበት ጥግ ሳይርቅ ይከምሩት።

ቅዳሜ የምትሄድ ከሆነ ይህን አድርግልኝ። ድንጋዩን ላዩንና ታቹን ፎቶ አንሳ፤ ለመጠን አጠገቡ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጥ። የቆምክበትን ቦታ ስልክህ ላይ መዝግበው። ጉድጓዶቹን በጠዋት ፀሐይ፣ ከማዶ ሆነህ አንሳቸው። የጆጉን ቁጥርና የሲኒውን መስመር ቀለም ጻፍልኝ። ከሁሉ በፊት ግን አያትህን ማሽላቸውን ድሮ የት ይቀብሩ እንደነበር ጠይቃቸው።